የአባባ ኪኒንና ውሮ

አንድ ማለዳ ሀና ማርያም ባለው ቤታችን ድመታችን ውሮ የኋላ እግሮቹን እየጎተተ፣ እየጮኸ ከሶፋው ሥር ወጣ። «መኪና ገጭቶት ነው» አልን። ግን ከግቢ ወጥቶ አያውቅም። የኋላ መዳፎቹን ስነካቸው እንደ በረዶ ቀዝቅዘዋል።

የእንስሳት ሐኪሙ (ለድመት ደግሞ ሐኪም? ያሉን ጎረቤቶች ነበሩ) ልቡን አዳምጦ አስረዳን። የአንዳንድ ድመቶች የልብ ጡንቻ ይወፍራል። ያኔ ደም በልብ ክፍል ውስጥ ተኝቶ ይረጋል። የረጋው ደም ተነቅሎ ዋናው የደም ቧንቧ ወደ ኋላ እግሮች በሚከፈልበት ቦታ ይሰነቀራል። ሕመሙ ከባድ ስለሆነ መጀመሪያ የሚሰጠው ማስታገሻ ነው። ብዙዎቹ አይተርፉም።

ውሮ ተረፈ። የታዘዘለት ክሎፒዶግሬል አባባ ለልባቸው የሚወስዱት ሆኖ አረፈው! ባለ 75 ሚሊግራሙ ኪኒን ለአራት ተቆርጦ፣ በቀን አንድ ሩብ። በጣም መራራ ነው፤ አረፋ ያስደፍቀዋል። በባዶ ካፕሱል ከትተን መስጠት እስክንለምድ እጄ ተቧጭሮ አለቀ። በ2015 እ.ኤ.አ. በ75 ድመቶች ላይ የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ደሙ እንደገና እስኪረጋ የነበረው መካከለኛ ጊዜ በአስፕሪን 192 ቀን፣ በክሎፒዶግሬል 443 ቀን ነበር።

ይህን አንብባችሁ ግን የመድኃኒት መሳቢያችሁን እንዳትከፍቱ! የድመት ጉበት አስፕሪንን ቶሎ አያስወግድም፤ ፓራሲታሞል ደግሞ አንዲት ኪኒን እንኳ ልትገድል ትችላለች። መጠኑን ሐኪም ይወስን። ከእናንተ የሚጠበቀው ድመታችሁ ተኝታ ሳለ ትንፋሿን መቁጠር ነው፤ በደቂቃ ከ30 በላይ እየሆነ ከተደጋገመ ነገ ሳትሉ ውሰዷት።