የመግቢያ ፈቃድ ተቆጣጣሪ ፕሮግራሞች ፋይሎቻቸውንና መሣሪያዎቻቸውን የሚያስቀምጡባቸው ስፍራዎች

አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎችን የውጤት መዝገብ በካዝና ሲይዝ ሦስት ነገሮችን ለያይቶ ማስቀመጡ የቆየ ልማድ ነው፡፡ ካዝናው በመዝገብ ቤቱ ክፍል ይቆማል፤ ካዝናው ለማን፣ መቼና በማን ትእዛዝ እንደሚከፈት የሚወስነው መመሪያ በርእሰ መምህሩ ፋይል ውስጥ ይገኛል፤ ቁልፉ ደግሞ በኃላፊው እጅ ነው፡፡ ሦስቱ በአንድ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጡ መሳቢያውን የከፈተ ሰው ሁሉንም ከፈተ ማለት ነው፡፡ በአንጻሩ ደግሞ ሦስቱ የት የት እንዳሉ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ቢሆንና ያ ሰው ወደ ሌላ አውራጃ ቢዛወር፣ መዝገቡ በቦታው እያለ እንደሌለ ይቆጠራል፡፡

የተማሪ መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር የካዝናውን ሥራ የሚረከበው የመግቢያ ፈቃድ ተቆጣጣሪ ፕሮግራም ነው፡፡ ፕሮግራሙ ወደ መዝገቡ ለመግባት የጠየቀው ሰው ማን እንደሆነ ያጣራል፤ ለዚያ ሰው የተፈቀደውንና የተከለከለውንም ይወስናል፡፡ ይሁን እንጂ ይህ ፕሮግራም ራሱ ከፋይሎች የተሠራ በመሆኑ በኮምፒዩተር ላይ በሚተከልበት ጊዜ ክፍሎቹ በልዩ ልዩ ማኅደሮች ይከፋፈላሉ፡፡ ብዙውን ጊዜ ክፍፍሉን የሚወስነው የፕሮግራሙ አዘጋጅ እንጂ ተቋሙ አይደለም፡፡ በመሆኑም የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆችና የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች እንዲህ ያለውን ሥርዓት ተረክበው ሥራ ሲጀምሩ፣ የትኛው ክፍል የት እንደተቀመጠ ሳይታወቅ ይቀራል፡፡ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የክፍፍሉን ምክንያትና የሚያስከትለውን ውጤት ማስረዳት ነው፡፡

የማኅደሮች አከፋፈል

ዩኒክስና ከእርሱ በኋላ የመጣው ሊኑክስ ፋይሎቻቸውን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ በሚከፋፈሉ ማኅደሮች ያስቀምጣሉ፡፡ የሊኑክስ አዘጋጆች ለዚህ አቀማመጥ የጋራ ደንብ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1994 ሲሆን፣ ሦስተኛው እትም በ2015 ወጥቷል፡፡ የደንቡ መሠረታዊ አሳብ ቀላል ነው፡፡ የማይለዋወጥ ነገር ከሚለዋወጥ ይለያል፤ የአንድ ኮምፒዩተር ብቻ የሆነው ደግሞ ለሁሉም የጋራ ከሆነው ይለያል፡፡

ከዚህ በመነሣት መሣሪያዎች፣ ማለትም የሚሠሩት ፕሮግራሞች፣ ዩኤስአር በሚባለው ማኅደር ሥር ይቀመጣሉ፡፡ እነዚህ ቢጠፉ እንደገና መትከል ስለሚቻል የሚያሳስቡ አይደሉም፡፡ አስተዳዳሪው የሚወስናቸው መመሪያዎች ኢቲሲ በተባለው ማኅደር ይገኛሉ፡፡ (የስሙ ምንጭ በላቲን «ወዘተ» የሚለው ቃል ነው፤ በመጀመሪያ የተረፈ ነገር ሁሉ ይጣልበት የነበረው ማኅደር ዛሬ ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሆኗል፡፡) በየሰዓቱ የሚለዋወጠው ሕያው መረጃ፣ እንዲሁም ማን መቼ እንደገባ የሚመዘግበው የውሎ መዝገብ በቫር ሥር ይከማቻል፡፡ የውሎ መዝገብ እያደገ ሄዶ ዲስኩን ሊሞላ ስለሚችል፣ ጥንቁቅ አስተዳዳሪ ለቫር የራሱን የዲስክ ክፍል ይመድብለታል፡፡ ከውጭ ተገዝተው የሚመጡ ትላልቅ ፕሮግራሞች ደግሞ ኦፕት የተባለ የራሳቸው ማኅደር ተሰጥቷቸዋል፡፡

ይህ ክፍፍል ለሥርዓት ማማር ብቻ የተደረገ አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ፡፡ በቀድሞው ዩኒክስ የተጠቃሚዎች ስምና የተመሰጠረው የይለፍ ቃላቸው በአንድ ፋይል ውስጥ በኢቲሲ ይቀመጡ ነበር፡፡ ብዙ ፕሮግራሞች የተጠቃሚውን ስም ለማወቅ ስለሚያነቡት ፋይሉ ለማንኛውም ሰው ክፍት መሆን ነበረበት፡፡ ስለሆነም የተመሰጠረውን ቃል ማንም ቀድቶ ወስዶ በእርጋታ ሊሞክረው ይችል ነበር፡፡ መፍትሔው ሁለቱን መለየት ሆነ፤ ስሙ በቀድሞው ፋይል ቀረ፣ ምስጢሩ ግን ከበላይ አስተዳዳሪው በስተቀር ተራ ተጠቃሚ ወደማያነበው ሌላ ፋይል ተዛወረ፡፡

ከርቤሮስ

ለትምህርት ሰዎች ቅርብ የሆነው ምሳሌ ከርቤሮስ የተባለው ሥርዓት ነው፤ የተወለደው ለትምህርት ሥራ ነውና፡፡ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1983 አቴና የሚባል ፕሮጀክት ጀመረ፡፡ ዓላማው በግቢው ውስጥ በተበተኑ ኮምፒዩተሮች አማካይነት ተማሪዎችን ማስተማር ነበር፡፡ ተማሪ በማንኛውም ማሽን ላይ ተቀምጦ የራሱን ሥራ ማግኘት ስለነበረበት፣ ማንነቱን በመላው ግቢ የሚያረጋግጥ አንድ ሥርዓት አስፈለገ፡፡ በግሪኮች አፈ ታሪክ የሙታንን ዓለም በር በሚጠብቀው ባለ ሦስት ራስ ውሻ ስም የተሰየመው ከርቤሮስ የተዘጋጀው ለዚሁ ነው፡፡ አምስተኛው እትም እ.ኤ.አ. በ1993 በይፋ ወጥቶ ዛሬም ይሠራበታል፤ ማይክሮሶፍትም ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ ተቀብሎታል፡፡

በዚህ ሥርዓት የተጠቃሚው የይለፍ ቃል በመረቡ ላይ አይተላለፍም፡፡ ማዕከላዊው ማሽን ለተጠቃሚው ቲኬት ይሰጠዋል፤ ቲኬቱ ለተወሰነ ጊዜ፣ በተለመደው አሠራር ከአንድ ቀን ላልበለጠ ጊዜ ያገለግላል፡፡ የሁሉም ተጠቃሚዎች ቁልፎች በማዕከላዊው ማሽን የመረጃ ቋት ውስጥ ተመስጥረው የሚገኙ ሲሆን፣ ቋቱ ራሱ የተመሰጠረው በአንድ ዋና ቁልፍ ነው፡፡ ማሽኑ ጠፍቶ በበራ ቁጥር አስተዳዳሪው መጥቶ ዋናውን የይለፍ ቃል እንዳይጽፍ፣ ዋናው ቁልፍ በአንዲት ትንሽ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፡፡ ይህች ፋይል በመጠን ኢምንት ናት፤ የመላው ተቋም ደኅንነት ግን የተንጠለጠለው በእርሷ ላይ ነው፡፡

ታዲያ ይህች ፋይል የት ትገኛለች? መልሱ ፕሮግራሙን እንደተከለው ሰው ይለያያል፡፡ ፕሮግራሙ ከምንጩ ተወስዶ እንዳለ ሲተከል፣ ቋቱም ቁልፉም በዩኤስአር ሥር ሎካል በተባለው ማኅደር ውስጥ ባለው ቫር ይቀመጣሉ፡፡ ሬድ ሃት በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ቋቱ፣ ዋናው ቁልፍና የማዕከሉ መመሪያ ጭምር በቫር ሥር ከርቤሮስ በተሰኘ አንድ ማኅደር ውስጥ አብረው ይገኛሉ፡፡ ዴቢያን በሚባለው ዓይነት ግን ቋቱ በቫር ሥር ሲቀመጥ ዋናው ቁልፍና መመሪያው በኢቲሲ ሥር ተለይተው ይቀመጣሉ፡፡

ልዩነቱ ተራ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ተራ አይደለም፡፡ በዴቢያን ላይ የሚሠራ አንድ ኮሌጅ በየሳምንቱ የቫርን መጠባበቂያ ቅጂ ይወስዳል እንበል፡፡ ዲስኩ በተበላሸ ቀን ቅጂው ይወጣል፤ ቋቱ ሙሉ ነው፣ ሆኖም የሚከፍተው ቁልፍ ቅጂው ውስጥ የለም፡፡ ዋናው የይለፍ ቃል በወረቀት ተጽፎና በፖስታ ታሽጎ በኮሌጁ ካዝና ካልተቀመጠ በስተቀር፣ የሁሉም መምህራንና ተማሪዎች መለያ እንደ አዲስ መመዝገብ አለበት፡፡ በሬድ ሃት ላይ ነገሩ ይገለበጣል፡፡ ማኅደሩን በሙሉ የቀዳ ሰው ቋቱንም ቁልፉንም ስለሚያገኝ መልሶ ማቋቋም ይቀላል፤ ነገር ግን ያ ቅጂ የተቀመጠበት ዲስክ ከጠረጴዛ ላይ ቢሰረቅ ሌባው የመላውን ኮሌጅ ቁልፍ ወሰደ ማለት ነው፡፡ በመሆኑም የመጀመሪያው ኮሌጅ የቅጂውን ዝርዝር ማስፋት፣ ሁለተኛው ቅጂውን መቆለፍ ይኖርበታል፡፡ በሬድ ሃትም ሆነ ከምንጩ በተተከለው ፕሮግራም የቁልፉ ፋይል ስም በነጥብ ስለሚጀምር በተለመደው የፋይሎች ዝርዝር ላይ እንደማይታይም መታወቅ አለበት፡፡ በማኅደሩ ውስጥ ገብቶ ፋይሎቹን በኮከብ ምልክት ሰብስቦ የሚቀዳ ባለሙያ ሳያውቀው ይተወዋል፡፡

በዊንዶውስም ቢሆን ያው ነው፡፡ የተጠቃሚዎች ቋት ኤንቲዲኤስ በተባለ ማኅደር ሲገኝ፣ ምስጢሩን ለመፍታት የሚያስፈልገው ቁልፍ በሲስተም 32 ሥር ባለው የሥርዓቱ መዝገብ ውስጥ ነው፡፡ አንደኛውን ብቻ መቅዳት አይበቃም፡፡

ከማዕከሉ ውጪ ያሉት አገልግሎት ሰጪ ማሽኖች፣ ለምሳሌ የሬጅስትራሩ ማሽን፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቁልፍ የያዘ ፋይል በኢቲሲ ያስቀምጣሉ፡፡ ይህ ፋይል በጽሕፈት ቤት ካለው ማኅተም ጋር ይመሳሰላል፡፡ በእጁ ያስገባው ሰው ራሱን የሬጅስትራሩ ማሽን አድርጎ ሊያቀርብ፣ ሐሰተኛ ቲኬትም ሊያዘጋጅ ይችላል፡፡ ከበላይ አስተዳዳሪው በቀር ማንም ሊያነበው አይገባም፤ ከማሽን ወደ ማሽን በኢሜይል መላኩም ማኅተሙን በመንገደኛ እጅ እንደ መላክ ነው፡፡

መሣሪያዎቹም የሚከፋፈሉት በዚሁ አሳብ ነው፡፡ ቲኬት የሚጠይቀው፣ የሚያሳየውና የሚደመስሰው ትእዛዝ ለማንኛውም ተጠቃሚ ክፍት በሆነው ማኅደር ሲቀመጡ፣ ቋቱን በቀጥታ የሚያስተዳድሩት ለአስተዳዳሪ በተለየው ማኅደር ይገኛሉ፡፡ ከእነዚህ አንዱ በማዕከላዊው ማሽን ላይ ሲሠራ ምንም የይለፍ ቃል አይጠይቅም፡፡ ስለዚህ ማዕከላዊውን ማሽን ከተማሪዎች ቤተ ሙከራ ጋር በአንድ ክፍል ማኖር ስሕተት ነው፡፡ ተማሪዎች እየተፈራረቁ በሚሠሩበት ክፍል ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይነሣል፡፡ የተሰጠው ቲኬት በብዙ ሥርዓቶች ቴምፕ በሚባለው ጊዜያዊ ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል፤ ተማሪው ሳይደመስሰው ቢነሣ ቲኬቱ ጊዜው እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ይቆያል፡፡

የአገራችንን ሁኔታ በቀጥታ የሚነካ አንድ ነጥብም አለ፡፡ ከርቤሮስ በተለመደው አሠራሩ በሁለት ማሽኖች ሰዓት መካከል ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት ካለ ቲኬቱን አይቀበልም፡፡ ባለሙያው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ የማሽኑን ሰዓት እንደ ልማዳችን 2 አድርጎ ቢሞላው፣ የማሽኑ አቆጣጠር 8 የሚል በመሆኑ የ6 ሰዓት ልዩነት ይፈጠራል፤ ማንም መግባት አይችልም፡፡ ጥፋቱ በይለፍ ቃል እየተመካኘ ሰዓታት ሊባክኑ ይችላሉ፡፡

ለትላልቅ መሥሪያ ቤቶች የተዘጋጀ ሥርዓት

ለባንኮችና ለትላልቅ መሥሪያ ቤቶች ከተዘጋጁት መካከል የአይ.ቢ.ኤም. ድርጅት ቲቮሊ አክሰስ ማናጀር ይጠቀሳል፡፡ በዩኒክስ ላይ ይተከል በነበረው እትም መሣሪያዎቹና መመሪያዎቹ በኦፕት፣ የሚለዋወጠው መረጃ ደግሞ በቫር ሥር ይቀመጡ ነበር፡፡ የሁለቱም ማኅደሮች ስም ፖሊሲ ዳይሬክተር ነው፤ ይህ የምርቱ የቀድሞ ስም ሲሆን፣ ምርቱ ስሙን ከለወጠ በኋላም የማኅደሩ ስም ሳይለወጥ ቀርቷል፡፡ በአዲሱ ስም የሚፈልግ ሰው ምንም አያገኝም፡፡

በዚህ ሥርዓት ማን ምን ማድረግ እንደሚችል የሚደነግገው ቋት በቫር ሲገኝ፣ የሰዎቹ ስምና የይለፍ ቃል ግን ብዙውን ጊዜ በሌላ ማሽን ላይ ባለ የተጠቃሚዎች መዝገብ ውስጥ ነበር፡፡ አንደኛውን ብቻ የቀዳ ሰው ሕግ ይኖረዋል፣ ሰው የለውም፡፡ ሥርዓቱ የራሱ የመጠባበቂያ መሣሪያ ነበረው፤ መሣሪያው ግን የተለየ ትእዛዝ ካልተሰጠው ቅጂውን የሚያኖረው እዚያው ማሽን ላይ በቫር ሥር ነበር፡፡ ዲስኩ ሲበላሽ ቅጂውም አብሮ ይጠፋል፡፡

ለኮሌጆችና ለዕቅድ ክፍሎች

ሥርዓት የሚያስተክል ተቋም በውሉ ውስጥ ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ገጽ ጽሑፍ አለ፡፡ በገጹ ላይ መሣሪያዎቹ፣ መመሪያዎቹ፣ ቋቱ፣ ዋናው ቁልፍ፣ የየማሽኑ ቁልፍና የውሎ መዝገቡ በየትኛው ማሽን፣ በየትኛው ማኅደር እንደሚገኙ፣ እያንዳንዳቸውን ማን ሊያነብ እንደተፈቀደለትና ቅጂያቸው የት እንደሚቀመጥ ይጻፋል፡፡ ገጹ ምስጢሩን ራሱን አይዝም፤ ቦታውን ብቻ ያመለክታል፡፡ ሥርዓቱ በአዲስ እትም ሲተካ ገጹም መታረም አለበት፤ በተለይ ከዴቢያን ወደ ሬድ ሃት ወይም በተቃራኒው የተሸጋገረ ተቋም የቀድሞውን የቅጂ ዝርዝር ይዞ መቀጠል የለበትም፡፡

ገጹ ትክክል መሆኑ የሚረጋገጠው በሙከራ ነው፡፡ የትምህርት ዘመኑ ከመከፈቱ በፊት፣ ሥርዓቱን ያልተከለ አንድ ባለሙያ ገጹንና ቅጂውን ብቻ ይዞ በትርፍ ማሽን ላይ ከመረቡ ተለይቶ ሥርዓቱን መልሶ ያቋቁማል፡፡ ከዚያም አንድ መምህር በማሽኑ ላይ ተቀምጦ በነበረው የይለፍ ቃል ቲኬት ይጠይቃል፡፡ ቲኬቱ ከተሰጠው ቅጂው የተሟላ ነው፤ ካልተሰጠው የጎደለችውን ፋይል ለመፈለግ ገና ጊዜ አለ፡፡ ሙከራው ሲያበቃ በትርፍ ማሽኑ ላይ ያለው ሁሉ ይደመሰሳል፡፡