የሌለ አገር ድንበር እንዴት ይሰመራል?

የስትራቴጂ ጨዋታ ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታወሰን ቼዝ ነው፡፡ በቼዝ ስለ ሰሌዳው የሚጨነቅ የለም፡፡ 64 ካሬ ነው፤ ለነጩም ለጥቁሩም እኩል ነው፡፡ በኮምፒዩተር በሚካሄዱት ትልልቅ የምናብ ዓለም የጦርነት ጨዋታዎች ግን ሰሌዳው ራሱ ካርታ ነው፡፡ ካርታውንም ተጫዋቹ በገዛ እጁ ሊሠራው ይችላል፡፡ ታዲያ ሥራውን ለሚጀምር ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ ተራራው የት ይሁን፣ ባሕሩስ ምን ያህል ይስፋ የሚለው ይመስለዋል፡፡ በእኔ እምነት የመጀመሪያው ጥያቄ የትኛው ግዛት ከየትኛው ጋር ይዋሰናል የሚለው ነው፡፡ ሥዕሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል፡፡

እኔ ካርታ የምሠራው በአብዛኛው ዶሚኒየንስ ለተባለው ጨዋታ ነው፡፡ አዘጋጁ ኢልዊንተር የተሰኘ አነስተኛ የስዊድን ድርጅት ሲሆን፣ ሦስተኛው እትም እ.ኤ.አ. በ2006፣ ስድስተኛው ደግሞ በ2024 ወጥቷል፡፡ እያንዳንዱ ተጫዋች አምላክ ለመሆን የሚፎካከር አንድ ፍጡር ይዞ ሕዝቡን ይመራል፡፡ ሁሉም ትእዛዛቸውን በየፊናቸው ይልካሉ፤ ኮምፒዩተሩም በአንድ ጊዜ ያስፈጽመዋል፡፡ ይህ አሠራር ቀኑን ሙሉ ቢሮ ለሚውል ሰው የተመቸ ነው፤ ማታ ግማሽ ሰዓት ይበቃል፡፡ ነገር ግን በቀን አንድ ዙር ከተባለ 80 ዙር የሚፈጅ ጨዋታ ወደ ሦስት ወር ይጠጋል፡፡ እንግዲህ ካርታው ገና ከጅምሩ ለአንዱ ያደላ ከሆነ፣ በሌላኛው ጥግ የተቀመጠው ሰው ሦስት ወር ሙሉ የሚሸነፍበትን ጨዋታ እየተጫወተ ነው ማለት ነው፡፡ ስንፍናው ሳይሆን የካርታው ሠሪ እጅ ነው ያሸነፈው፡፡

አሠራሩ እንዲህ ነው፡፡ አንድ ካርታ ሁለት ፋይል አለው፤ አንዱ ሥዕል፣ ሌላው ተራ ጽሑፍ፡፡ በሥዕሉ ላይ እያንዳንዱ ግዛት የሚታወቀው በአንዲት ነጭ ነጥብ ነው፡፡ ነጭ ስል ቀዩም፣ አረንጓዴውም፣ ሰማያዊውም መጠን 255 የሆነ፣ ከአንድ ፒክስል ያልበለጠ ንጹሕ ነጭ ማለቴ ነው፡፡ ኮምፒዩተሩ ከሥዕሉ ግርጌ ተነሥቶ ወደ ላይ እየሄደ እነዚህን ነጥቦች ይቆጥራል፤ ቁጥራቸውም የግዛቶቹ መለያ ይሆናል፡፡ ስለዚህ ተራራ አናት ላይ በረዶ የሚቀባ ሰው ንጹሕ ነጭ ከተጠቀመ፣ በረዶው ሁሉ ግዛት ሆኖ ይቆጠርበታል፡፡ በጣም ፈዘዝ ያለ ግራጫ ለዓይን ያው በረዶ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ግን አይሳሳትበትም፡፡ ሌላም ጣጣ አለ፡፡ ሥራው ካለቀ በኋላ ከታች በኩል አንዲት ነጥብ ብትጨመር ከእርሷ በላይ ያሉት ሁሉ ቁጥራቸው ይቀየራል፤ የጽሑፉም ፋይል ከሥዕሉ ጋር አይገናኝም፡፡ ነጥቦቹ በሙሉ ተተክለው ሳያልቁ ጽሑፉን መጀመር ከንቱ ድካም ነው፡፡

ዋናው ጉዳይ ያለው በዚሁ በጽሑፉ ፋይል ውስጥ ነው፡፡ ግዛት 14 እና ግዛት 15 ጎረቤት ናቸው ተብሎ በአንድ መስመር ካልተጻፈ፣ በሥዕሉ ላይ ተቃቅፈው ቢታዩም ጦር ከአንዱ ወደ ሌላው አይሻገርም፡፡ በተቃራኒው በካርታው ዳርና ዳር ያሉ ሁለት ግዛቶች በአንድ መስመር ጎረቤት ይሆናሉ፡፡ የመሬቱም ዓይነት እንዲሁ በቁጥር ይገለጻል፡፡ ረግረግ 32፣ ደን 128፣ ማንም ጨዋታውን የማይጀምርበት ቦታ 512 ነው፡፡ ረግረግም ደንም የሆነና መነሻ እንዳይሆን የሚፈለግ ግዛት 672 ተብሎ ይጻፋል፤ ሦስቱ ተደምረው ማለት ነው፡፡ ቁጥሮቹ የሁለት ርቢዎች ስለሆኑ ኮምፒዩተሩ ድምሩን መልሶ ይፈታዋል፡፡

የጎረቤት ብዛት ለምን ይህን ያህል ያሳስባል? በዶሚኒየንስ ምሽግ ያለበት ግዛት በዙሪያው ካሉት ግዛቶች ለጦር መሣሪያ የሚሆነውን ሀብት ይሰበስባል፡፡ መናገሻውም ምሽግ ነው፡፡ እንግዲህ ሰባት ጎረቤት ያለው መናገሻና ሦስት ጎረቤት ያለው መናገሻ፣ መሬቱ አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ በሚያለብሱት ወታደር ቁጥር እኩል አይሆኑም፡፡ ይሁን እንጂ ጎረቤት የበዛበት የሚጠቃበትም በር ይበዛል፡፡ ይህንን የተገላቢጦሽ ነገር በቀላሉ ለመረዳት የድሮውን የጠረጴዛ ጨዋታ ሪስክን ማስታወስ ይበቃል፡፡ ፈረንሳዊው የፊልም ሰው አልበር ላሞሪስ የፈጠረውና እ.ኤ.አ. በ1957 ለገበያ የቀረበው ይህ ጨዋታ 42 ግዛቶች አሉት፡፡ አውስትራሊያም ደቡብ አሜሪካም አራት አራት ግዛት አላቸው፤ ሙሉውን ለያዘ ሰው የሚሰጡትም ተጨማሪ ጦር ሁለት ሁለት ነው፡፡ አውስትራሊያ ግን በሯ አንድ ብቻ ነው፤ ደቡብ አሜሪካ ሁለት አላት፡፡ ሪስክ የተጫወተ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ወዴት እንደሚሮጥ ያውቃል፡፡

ስለዚህ እኔ ኮምፒዩተር ከመክፈቴ በፊት ወረቀትና እርሳስ እይዛለሁ፡፡ ለእያንዳንዱ ግዛት አንድ ክብ፣ ለእያንዳንዱ ጉርብትና አንድ መስመር፡፡ ለአንድ ተጫዋች ወደ 15 የሚጠጋ ግዛት እመድባለሁ፤ ስድስት ሰው ከሆንን 90 ክብ ማለት ነው፡፡ ለየመናገሻው አምስት ጎረቤት እሰጣለሁ፡፡ ከአንዱ መናገሻ ወደ ቅርብ ተቀናቃኙ ለመድረስ ስንት ክብ እንደሚታለፍ እቆጥራለሁ፡፡ አንዱ ሦስት፣ ሌላው ስድስት ከሆነ እንደገና አሰምራለሁ፡፡ ይህ ሥራ ምንም ውበት የለውም፤ የተጣመመ የሸረሪት ድር ነው የሚመስለው፡፡ ቆንጆ ሥዕል ይዘው የሚመጡ ሰዎች የሚዘሉት ይህንኑ ነው፡፡

ጨዋታው ድንበርንም በዓይነት በዓይነቱ ይለያል፡፡ የተራራ መተላለፊያ የሆነ ድንበር ብርድ ሲበረታ ይዘጋል፡፡ ወንዝ የሆነው ደግሞ ውኃው ሲረጋና በረዶ ሲሆን ይከፈታል፡፡ ስዊድኖች የሠሩት መሆኑን እዚህ ላይ ልብ ይሏል፡፡ ለእኛ ወንዝ የሚዘጋው በክረምት ነው፤ ዘመቻም መስከረም እስኪጠባ የሚጠብቀው በዚሁ ምክንያት ነበር፡፡ የዓባይን ሸለቆ የመሰለ ድንበር ለማሰመር ስፈልግ፣ ጎጃምን እንደከበበው ያለ ረጅም መስመር ለማንም እንዳይሻገር ዘግቼ፣ አንድ ወይም ሁለት ቦታ ብቻ ክፍት እተዋለሁ፡፡ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በጢስ ዓባይ አጠገብ የተሠራው ዓይነት አንድ ድልድይ በእንዲህ ያለ ካርታ ላይ ከአሥር ለም ግዛት ይበልጣል፡፡ ሁሉም የሚጣላው እርሱ ላይ ነው፡፡

ፓራዶክስ የተባለው ሌላው የስዊድን ድርጅት በሚያወጣቸው ጨዋታዎች አሠራሩ ይለያል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4 ካርታው 5632 በ2048 ፒክስል የሆነ ሥዕል ነው፤ እያንዳንዱ ግዛት የራሱ የሆነ፣ ሌላ ግዛት የማይጋራው ቀለም ይቀባል፡፡ የጆርጅ አር. አር. ማርቲንን የልብ ወለድ ዓለም ወደ ክሩሴደር ኪንግስ 2 ያመጡት ወዳጆችም በዚሁ መንገድ ነው የሠሩት፡፡ እዚህ ዋናው ጠላት የሥዕል ሶፍትዌሩ ደግነት ነው፡፡ መስመር ሲያሰምሩለት ጠርዙ እንዳይሻክር ብሎ በሁለቱ ቀለሞች መካከል ያለ ሦስተኛ ቀለም ጣል ያደርጋል፤ ያ ቀለም ደግሞ የማንም ግዛት አይደለም፡፡ ማለስለሻው መጥፋት፣ ሥዕሉም ቀለም በማያበላሽ ቢኤምፒ መቀመጥ አለበት፡፡ ጉርብትናውን ኮምፒዩተሩ ራሱ ከሥዕሉ ስለሚያሰላም፣ አንዲት ያመለጠች ፒክስል ያልታሰበ በር ልትከፍት ትችላለች፡፡ እኔ የዶሚኒየንስን መንገድ የምመርጠው ለዚህ ነው፤ ድንበሩ በጽሑፍ ሲሰፍር የተሰመረው ምን እንደሆነ ይነበባል፡፡

ካርታው ለጓደኞቼ ከመላኩ በፊት ብቻዬን በየመናገሻው እየተነሣሁ የመጀመሪያዎቹን 12 ዙሮች እጫወታለሁ፡፡ በ12ኛው ዙር ላይ የያዝኳቸውን ግዛቶች በወረቀቱ ጥግ እጽፋለሁ፡፡ አምስቱ መናገሻዎች አሥር አሥር ግዛት አስይዘውኝ ስድስተኛው ስድስት ላይ ከቀረ፣ ሥዕሉን አልነካውም፡፡ የጽሑፉን ፋይል ከፍቼ አንድ የጉርብትና መስመር እጨምራለሁ ወይም እሰርዛለሁ፤ ከዚያም ያንን መናገሻ ከመጀመሪያው ዙር እንደገና እጫወተዋለሁ፡፡