ጥርስ ያላቸው መዘውሮች

ቡና የጫነ መኪና ከዋጫ ወደ ቦንጋ ሲሄድ፣ ዳገት ላይ ሾፌሩ ማርሽ ይቀይራል። ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናው ግን ቀስ ይላል። ብዙዎቻችን «ሞተሩ ደከመ» እንላለን። አልደከመም። ነገሩ ያለው ካምቢዮ በሚባለው ሣጥን ውስጥ ነው።

በሣጥኑ ውስጥ ጥርስ ያላቸው መዘውሮች አሉ። የአንዱ ጥርስ በሌላው ጥርስ መካከል እየገባ ይገፋዋል። ትንሹ 10፣ ትልቁ 40 ጥርስ አላቸው እንበል። ትልቁ አንድ ጊዜ እንዲዞር ትንሹ 4 ጊዜ መዞር አለበት። ፍጥነቱ ሩብ ይሆናል፤ የማዞር ጉልበቱ ግን ወደ 4 እጥፍ ይጠጋል፤ ጥቂቱ በመፋተግ ይባክናል። ጉልበቱ የተገኘው ፍጥነት ተከፍሎበት ነው። አንደኛ ማርሽ ለዳገትና ለጭቃ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ጥርሱም ዓይነት ዓይነት አለው። ቀጥ ያለው ለመሥራት ቀላል ነው፤ ሲፈጥን ግን ይጮኻል። ሰያፍ ጥርስ ድምፁ ዝቅ ይላል፤ በካምቢዮ ውስጥ የሚበዛውም እርሱ ነው። በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው፣ መካኒኮች ኮሮናና ፒኞን የሚሉት፣ የሞተሩን ዙር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጎማ ያዞረዋል።

ዘይት ያጣ ጥርስ ይበላል። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። የቡና መፈልፈያም ሆነ ሌላ ጥርስ ያለው መኪና ክዳኑን አንሥተው የሚያሠሩ አሉ። የጋቢ ጫፍ ከያዘ እጅንም ይስባል። ክዳኑ የሚነሣው ሞተሩ ጠፍቶ መዘውሩ ጨርሶ ሲቆም ነው።