ጡቡ ይድረቅ፣ ከዚያ ይልበስ

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ዕድሜ ጠገብ የጡብ ቤቶችን እጠግናለሁ። ብርድ ሲገባ ደንበኞቼ «ግድግዳውን ከውስጥ በፎም አልብስልን» ይሉኛል። እኔ ግን ቀድሜ አሸንዳውን አያለሁ።

የድሮ ጡብ ዝናብ ይመጥጣል፤ ከቤት የሚወጣው ሙቀት ደግሞ ለማድረቅ ይረዳዋል። ሙቀቱን ከውስጥ ስናግደው ጡቡ ቀዝቅዞ እርጥብ እንደሆነ ይቆያል። ውሃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ገደማ ስለሚሰፋ የጡቡን ፊት ሊልጠው ይችላል። ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው የወለል እንጨት ጫፍም ለመበስበስ ይጋለጣል።

ስለዚህ አሸንዳው ይጠገናል፤ የረገፈው የጡብ መጋጠሚያ በኖራ ይሞላል። ጠንካራ ሲሚንቶ እርጥበት አፍኖ ለስላሳውን ጡብ ይጎዳል። ቀጥሎ በመስኮትና በበር ዙሪያ ያለው ሽንቁር ይደፈናል፤ ከኮርኒሱ በላይ ሙቀት መከላከያ ይነጠፋል። ግድግዳው የመጨረሻው ነው፤ ያኔም ላስቲክ አልወጥርበትም። ብዙ ደንበኞቼ እዚያ ሳይደርሱ ቤታቸው ይሞቃል፤ ገንዘባቸውም ይተርፋል።