ካርታ የወጣለት ቁጥር

ኖርቴል የተባለው የካናዳ የቴሌኮም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰረና ዕዳውን ለመክፈል ያለው ንብረት ሁሉ እየተቆጠረ ገበያ ወጣ (ከዚህ በኋላ የሚነሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የንግድ ዘርፎቹ ተሸጡ፤ የፈጠራ መብቶቹም ለጨረታ ቀረቡ። በማርች 2011 ግን ለፍርድ ቤቱ ያልተለመደ ውል ደረሰው። ማይክሮሶፍት ከኖርቴል 666,624 ቁጥሮችን በ7.5 ሚሊዮን ዶላር ሊገዛ ተስማምቷል። አንዱ ቁጥር 11 ዶላር ከ25 ሳንቲም መሆኑ ነው። ሽያጩን ያስማማው ደላላ ነበር።

ቁጥሮቹ የኢንተርኔት አድራሻዎች ናቸው። በፊደል የሚጻፈውን የድረ ገጽ ስም ማለቴ አይደለም። ከስሙ ሥር ያለው፣ በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች ያሉት የአይፒ አድራሻ ነው። ስልካችን አንድ ገጽ ሲጠይቅ ጥያቄው ከየት እንደተነሳ፣ መልሱም ወዴት እንደሚመለስ የሚታወቀው በእሱ ነው። በኢትዮ ቴሌኮም መስመር የሚጠቀም ሰው አድራሻውን ቢፈትሽ በ196.188 ወይም በ197.156 የሚጀምር ቁጥር ሊያይ ይችላል።

ቁጥሩ ያልቃል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በ1977 ከኢንተርኔት ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ቪንት ሰርፍ አድራሻው 32 ቢት ርዝመት እንዲኖረው ሲወስን በእጁ የነበረው ሙከራ ነበር፤ ለሙከራ ደግሞ 4,294,967,296 አድራሻ ከበቂ በላይ ነው። ሙከራው ግን ሳይቆም ወደ ሥራ ገባ። በጃንዋሪ 1983 የያኔው መረብ ሁሉ ወደዚህ ሥርዓት ዞረ። የቁጥሩን መዝገብ ለብዙ ዓመታት የያዘው ጆን ፖስቴል የተባለ የካሊፎርኒያ ተመራማሪ ነበር፤ የጠየቀ ይሰጠዋል፣ ክፍያ የለም። ትልቁ ብሎክ 16,777,216 አድራሻ አለው። የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ አንድ እንዲህ ያለ ብሎክ ወሰደ። ፎርድ፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክና አፕልም እንዲሁ። የእንግሊዝ የሥራና የጡረታ ሚኒስቴር ሳይቀር አንድ ሙሉ ብሎክ ነበረው።

አፍሪካ የራሷን የአድራሻ መዝጋቢ ተቋም ያገኘችው በ2005 ነው። ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2011 የዓለም አቀፉ ክምችት የመጨረሻዎቹ አምስት ብሎኮች ማያሚ ላይ ለአምስቱ አህጉራዊ መዝጋቢዎች አንድ አንድ ሲታደሉ፣ ለአፍሪካ የደረሰው በ102 የሚጀምረው ነበር። ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባት አህጉር በመጨረሻው ዕደላ ያገኘችው ኤምአይቲ ብቻውን ከያዘው ጋር እኩል ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ዩኒቨርሲቲው በ2017 ከድርሻው ግማሽ ያህሉን ለአማዞን ሸጠ፤ ገንዘቡን መረቡን ለማዘመንና ለምርምር እንደሚያውለው ገልጾ ነበር። ለሬዲዮ አፍቃሪዎች ተሰጥቶ ከነበረው ብሎክም ሩቡ፣ አራት ሚሊዮን ያህል አድራሻ፣ በ2019 ለአማዞን ተሸጧል። ገንዘቡ ዛሬ ለሬዲዮ ምርምርና ለወጣቶች ትምህርት ድጋፍ ይሰጥበታል፤ ይህ በጎ ነው።

የአድራሻ ደላላ ሥራ የአዲስ አበባን ቤት ሽያጭ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንም። ቤቱን አይተን፣ ወደነው፣ ዋጋ ከተስማማን በኋላ ዋናው ጥያቄ ካርታው በማን ስም ነው የሚለው ነው። አድራሻ ደግሞ ግድግዳና ጣሪያ እንኳን የለውም። ገዢው የሚገዛው በመዝጋቢው ተቋም መዝገብ ላይ ያለችን አንዲት መስመር ነው፤ ይህ ብሎክ የእገሌ ነው የምትለውን። ስለዚህ ጥሩ ደላላ ብዙውን ጊዜውን የሚያጠፋው ገዢ በመፈለግ ሳይሆን መዝገብ በማገላበጥ ነው። በ1990 አካባቢ አድራሻ የወሰደው ድርጅት በሌላ ተገዝቶ፣ ያም ከሦስተኛ ጋር ተዋህዶ፣ መዝገቡ ላይ ግን የመጀመሪያው ስም እንዳለ ሊገኝ ይችላል። የኖርቴልም ችግር ይኸው ነበር፤ ከሸጣቸው አድራሻዎች ብዙዎቹ የተመዘገቡት ቀደም ሲል በገዛቸው ኩባንያዎች ስም ነበር። ደላላው የውህደቱን ውል፣ የስም ለውጡን ደብዳቤ፣ የፈራሚውን ሥልጣን እያሰባሰበ ሰንሰለቱን እስከ ዛሬው ባለቤት ያያይዛል።

ቀጥሎ የጠባይ ምርመራ ይመጣል። ቀድሞ የያዘው ሰው አይፈለጌ መልዕክት ሲረጭበት የኖረ አድራሻ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ ከእሱ የሚላክ ኢሜይል ብዙ ተቀባይ ዘንድ አይደርስም። አዲሱ ባለቤት ምንም ሳያጠፋ የቀድሞውን ስም ይወርሳል። የቦታ መረጃውም ሊያሳስት ይችላል፤ ብራዚል የነበረ ብሎክ ጀርመን ቢገባም ድረ ገጾች ለተወሰነ ጊዜ ተጠቃሚውን በፖርቱጋልኛ ሊያስተናግዱት ይችላሉ። ንጹሕ ብሎክ ከቆሸሸው በላይ የሚያወጣው ለዚህ ነው። ነጥሎ መግዛትም አይሠራም። የዓለም ራውተሮች ከ256 ያነሰ ጥቅልን በአብዛኛው ስለማይቀበሉ የገበያው ትንሹ መስፈሪያ 256 ሆኗል።

ዋጋ ሲቆረጥ ገዢው ገንዘቡን በሦስተኛ ወገን እጅ ባለ ዝግ ሂሳብ ያስገባል። ሻጩ ለመዝጋቢው ስም ይዛወርልኝ ብሎ ያመለክታል። እዚህ ላይ የየአህጉሩ ደንብ ይለያያል። የሰሜን አሜሪካው መዝጋቢ ገዢው ለሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ምን ያህል እንደሚያስፈልገው እንዲያስረዳ ይጠይቃል። አምስተርዳም ያለው የአውሮፓው መዝጋቢ ስለ ፍላጎቱ ብዙ አይጠይቅም፤ የገዙትን ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላ ማዛወርን ይከለክላል። መስመሯ ወደ አዲሱ ስም ስትዞር ዝግ ሂሳቡ ይከፈታል፣ ሻጩ ገንዘቡን ደላላውም ኮሚሽኑን ያገኛሉ። የአሻሻጮችን ዝርዝር ሁለቱም መዝጋቢዎች ያወጣሉ፤ ከዚያ ዝርዝር ውጭ ባለ ሰው በኩል ይህን ያህል ገንዘብ ማንቀሳቀስን እኔ አልመክርም።

ዋጋው እንደ መሬት ሲወጣ ብቻ የኖረ አይደለም። በ2021 መጨረሻና በ2022 አንዱ አድራሻ ከ50 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወርዷል። ኪራዩም ራሱን የቻለ ገበያ ሆኗል። አማዞን ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በደመና አገልግሎቱ ለሚጠቀሙበት ለእያንዳንዱ አድራሻ በሰዓት ግማሽ የአሜሪካ ሳንቲም ያስከፍላል፤ ሲደመር በዓመት ወደ 44 ዶላር ነው። በ1990ዎቹ የወጣው ስድስተኛው የአይፒ ዕትም 128 ቢት ስላለው ለዚህ ሁሉ እጥረት መድኃኒት ነበር። ነገር ግን አሮጌውን ብቻ የሚናገሩ ገጾችና መሣሪያዎች እስካሉ ድረስ አዲሱን የያዘም ከአሮጌው አይላቀቅም።

አቅም ያጣ አድራሻ ይጋራል። የሞባይል ኩባንያ አንዱን አድራሻ ለብዙ መቶ ደንበኞች ያካፍለዋል። ከመካከላቸው አንዱ ሲያጠፋ አድራሻው ይታገዳል፣ ያላጠፋውም አብሮ ደጅ ይቀራል። ስልካችን ላይ ሮቦት አለመሆንህን አረጋግጥ የሚለው ጥያቄ ሲደጋገም አንዱ ምክንያት ይኸው መጋራት ነው።

እጥረቱ ሌባም አፈራ። በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና የአንድ ኩባንያ ባለቤት በሌሉ ድርጅቶች ስም ከ700,000 በላይ አድራሻ ወስዶ ተገኝቶ በ2023 አምስት ዓመት ተፈርዶበታል። ለእኔ ከዚህ ይልቅ የሚከብደው የአፍሪካው ነው። አፍሪኒክ የሚባለው መዝጋቢያችን ሞሪሸስ ይገኛል። በ2019 አንድ የደቡብ አፍሪካ ጋዜጠኛና አንድ አሜሪካዊ መርማሪ በመዝገቡ ላይ የማይገባ ስም የሠፈረባቸውን ብሎኮች አጋለጡ። ተቋሙ ራሱ ባደረገው ምርመራ ከ4 ሚሊዮን በላይ አድራሻ አላግባብ መወሰዱን አመነ፤ ከፊሉ ከጋራ ጎተራው፣ ከፊሉ ቀድሞ ከወሰዱ ድርጅቶች ይዞታ። መዝገቡ የተነካው በውስጥ ሰው እጅ ነበር። ቁልፍ ያዡ ሲሠርቅ ደላላው የሚያገላብጠው ማስረጃ ሁሉ ከንቱ ነው።

ይህ ሳይበርድ ክላውድ ኢኖቬሽን ከተባለ ኩባንያ ጋር ክርክር ተነሳ። ኩባንያው ከአፍሪኒክ 6.2 ሚሊዮን ያህል አድራሻ ወስዷል። አፍሪኒክ አድራሻዎቹ ከአፍሪካ ውጭ በመዋላቸው ውሉ ፈርሷል ሲል፣ ኩባንያው ውል አላፈረስኩም ብሎ ሞሪሸስ ፍርድ ቤት ቆመ። በ2021 የአፍሪኒክ የባንክ ሂሳብ ታገደ፤ በኋላም ቦርዱ ምልዓተ ጉባኤ አጣ፣ በ2023 ፍርድ ቤት ተቋሙን የሚያስተዳድር ሰው ሾመ። በዚህ ሁሉ መሐል የአፍሪካ አድራሻ ከአህጉሩ ውጭ ወዳለ መዝጋቢ እንዲዛወር ደንቡ አይፈቅድም፤ ከውጭ ገዝቶ ወደ አፍሪኒክ መዝገብ ማስገባትም አይቻልም። አባላቱ አዲስ ቦርድ የመረጡት በሴፕቴምበር 2025 ነው። የኢትዮጵያ ኦፕሬተሮች አድራሻ የተጻፈውም በዚሁ መዝገብ ላይ ነው።