የሁለት ደሴቶችን ኑሮ ማነጻጸር

ሁለት ነገሮችን ስታነጻጽሩ «ይሻላል» የሚለውን ቃል ለመጻፍ አትቸኩሉ። በምን ይሻላል? ለማንስ ይሻላል? መመዘኛው አስቀድሞ ካልተለየ ዐረፍተ ነገሩ በሰዋስው የተስተካከለ ቢሆንም እንኳ ፍሬ የለውም።

ከጣራ ገዳም በስተምዕራብ በሚገኘው በጣና ሐይቅ ላይ ካሉት ደሴቶች ሁሉ ሰፊው ደቅ ነው። የደቅ ገበሬዎች እህል ያመርታሉ፤ ዓሣም ይጠመዳል። ወደ ባሕር ዳር ገበያ ለመሄድ ግን ጀልባ ያስፈልጋል፤ በቀዶ ሕክምና መገላገል ያለባት እናትም ሐይቁን መሻገር ይኖርባታል።

ትሪስታን ዳ ኩኛ የተባለችው ደሴት ደግሞ በደቡብ አትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል የምትገኝ የብሪታንያ ግዛት ናት። ነዋሪዎቿ ከ300 ያንሳሉ። የአውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ከደቡብ አፍሪካዋ ከኬፕታውን ወደ 2800 ኪሎ ሜትር ስለምትርቅ መርከብ አንድ ሳምንት ያህል ይጓዛል። እንግዲህ በርቀት ከመዘናችሁ ደቅ ይሻላል። በደሴቱ ላይ ባለው ሕክምና ከመዘናችሁ ግን ትሪስታን ትበልጣለች፤ ለእነዚያ ጥቂት ሰዎች የቆመ ሆስፒታል አላትና። ሐኪሙ ከዐቅሙ በላይ የሆነ በሽታ ሲገጥመው ደግሞ ርቀቱ መልሶ ይከብዳል።

ሌላም ሚዛን አለ። እ.ኤ.አ. በ1961 እሳተ ገሞራ ስለ ፈነዳ የትሪስታን ሰዎች በሙሉ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰዱ። በዚያ መብራቱም፥ ሱቁም፥ ሐኪሙም ቅርብ ነበረ። ሆኖም አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1963 ዓሣ ወደሚያጠምዱበትና ድንች ወደሚተክሉበት ደሴታቸው ተመለሱ። እነርሱ ኑሯቸውን የመዘኑት በምን ይመስላችኋል? ሐሳባችሁን በአንድ አንቀጽ ጻፉ።