ዳቦ ትታ የተሻላት እኅት ለምርመራ ብላ መልሳ መብላት አለባትን?

በስዌይሃንና በአካባቢዋ በየቤቱ ከምትሠሩት መካከል ዳቦ ወይም ሐሪስ በበሉ ቁጥር ሆዳቸው እየተነፋ፣ ተቅማጥ እያጣደፋቸው፣ «ደም ማነስ አለብሽ» እየተባሉ የሚቸገሩ አሉ። አንዳንዶቹ ዳቦውን በራሳቸው ፈቃድ ይተዉና ይሻላቸዋል። በኋላ ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ግን «ሴሊያክ መሆኑን ለማረጋገጥ ለጥቂት ሳምንታት እንደገና ዳቦ ብይ» ይባላሉ። የሚያሳምምን ነገር መልሶ መብላት ምን ዓይነት ሕክምና ነው ብሎ መደንገጥ ያለ ነገር ነው።

ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ የሚገኝ፣ ሊጥ እንዲለጠጥ የሚያደርግ ፕሮቲን ነው። ሴሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ የሰውነቱ መከላከያ ተሳስቶ የራሱን ትንሹን አንጀት ያጠቃል። ምግብን ወደ ደም የሚያሳልፈው የአንጀት ገጽ ስለሚጎዳ ብረቱም ካልሲየሙም ሳይጠቅም ያልፋል። ደም ማነስ፣ የአጥንት መሳሳት፣ አንዳንዴም ውርጃ የሚመጣው ከዚህ ነው። በሽታው አይተላለፍም፤ ማዳም ለልጆቿ ብትሰጋ ይህን ልትነግሯት ትችላላችሁ። የፈረንጅ በሽታ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ከኤምሬቶች ጤነኛ ዜጎች መካከል ከ85 ሰው በአንዱ ላይ የበሽታውን ምልክት በደም አግኝቷል።

ዳቦ መንስኤው መሆኑ የታወቀውም በዚሁ መተውና መመለስ ነው። ዊለም ዲከ የተባለ የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም ስንዴን አስቀድሞ ይጠረጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 ክረምት በጦርነቱ ምክንያት በአገሩ ረሃብ ገብቶ ዳቦ ሲጠፋ የታመሙት ልጆች ተሻላቸው፤ ዳቦው ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። ግኝቱን በ1950 አሳተመ።

ምርመራው የሚፈልገው ጉዳቱን ነው። በመጀመሪያ በደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካላት ይታያሉ፤ ቀጥሎ በኢንዶስኮፒ ከትንሹ አንጀት ናሙና ይወሰዳል። ግሉተን ከቆመ ግን ፀረ እንግዳ አካላቱ በወራት ውስጥ ይቀንሳሉ፣ አንጀቱም ያገግማል። ያን ጊዜ «ምንም የለብሽም» የሚል ውጤት ቢመጣ በሽታው የለም ማለት አይደለም። ስለዚህ ገና ዳቦ የምትበሉ ከሆነ ሳትመረመሩ አትተዉ።

አስቀድማ የተወችውስ? ከመብላቷ በፊት ሁለት ነገር ትጠይቅ። የተወችው ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ከሆነ የደሙ ምልክት ገና ላይጠፋ ስለሚችል ዛሬውኑ ትመርመር። ሁለተኛው የዘረ መል ምርመራ ነው፤ ለእርሱ ዳቦ መብላት አያስፈልግም። ዲኪው 2 እና ዲኪው 8 የሚባሉት ሁለቱም ከሌሉ ሴሊያክ የለም ለማለት ይቻላል፣ ነገሩም በዚያ ያበቃል። መገኘታቸው ብቻውን ግን ማስረጃ አይደለም፤ ብዙ ጤነኞችም አሏቸው። ይህ ምርመራ በትንሽ ክሊኒክ ላይገኝ ስለሚችል ወደ አል ዐይን ሆስፒታል እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ። በአቡ ዳቢ ኤምሬት ከ2005 የወጣው ሕግ አሠሪው የሠራተኛውን የጤና ኢንሹራንስ እንዲገዛ ያስገድዳል፤ ካርዳችሁ ይህን ምርመራ ይሸፍን እንደሆነ ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

መብላቱ የግድ ከሆነ የእንግሊዝ መመሪያ በየቀኑ ከአንድ ማዕድ በላይ ግሉተን ያለበት ምግብ ቢያንስ ለ6 ሳምንት ይላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ መመሪያ ደግሞ በቀን 3 ግራም፣ ማለትም አንድ ቁራጭ ተኩል ያህል ዳቦ፣ ለ2 ሳምንት ይልና ከተቻለ እስከ 8 ሳምንት ያስረዝመዋል። መጠኑንና ጊዜውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ክፉኛ የከሳች በራሷ እንዳትጀምረው። በበጋ ባይሆንም ይመረጣል፤ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 ስዌይሃን 51.8 ዲግሪ በደረሰባት ዓይነት ሙቀት ተቅማጥ ሰውነትን ፈጥኖ ያደርቃል። ሥራ የሚበዛበትን የረመዳንንም ወር ማሳለፍ ይሻላል። በጾም ላይ ያላችሁ እኅቶች፣ ዳቦ የጾም ምግብ ስለሆነ ይህ አያስጨንቃችሁ።

«ተሽሎኛል፣ ለምን ልሠቃይ?» የምትል እኅት አትወቀስም። ሳይረጋገጥም እንደ በሽተኛ ተጠንቅቆ መኖር ይቻላል። ለእኔ ግን አቅሙና ጊዜው ላላት ማረጋገጡ ይበልጣል። ጥንቃቄው የዕድሜ ልክ ነው፤ ወንድም፣ እኅትና ልጆችም ከ10 አንዱ ያህል ስለሚያገኛቸው መመርመር አለባቸው። ደግሞም ጃርዲያ እንኳ ይህንኑ ሊመስል ይችላል፣ እርሱ በመድኃኒት የሚድን ሆኖ ሳለ። በሰው ቤት ለሚኖር ሰው የሐኪም ወረቀት ትልቅ ነገር ነው፤ ያለ ወረቀት «ምግብ አማረጠች» ይባላል፣ በወረቀት ግን የራስን ድስት ለይቶ መያዝ ይቻላል።

ብዙዎች «ትቻለሁ» ሲሉ በእርግጥ አልተዉም። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ከሱቅ የሚገዛው እንጀራ ግን ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ከአገር ቤት የሚላክልን በሶና የገብስ ቆሎም አለ፤ ሩዝ ውስጥ የሚጨመረው ሻሪያም ስንዴ ነው። የበላችሁትን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሩ። ቅዱስ ቁርባንም ከስንዴ ስለሚዘጋጅ በሽታው የተረጋገጠባት እኅት ከንስሐ አባቷ ጋር ትነጋገር።

ዳቦውን ደሙ ከተሰጠ በኋላ ወዲያው አታቁሙ። ኢንዶስኮፒ የሚቀር ከሆነ ናሙናው እስኪወሰድ ድረስ መቀጠል አለበትና ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ሳትጠይቁ ከክሊኒኩ አትውጡ።